አውራ ዶሮ የሚመስለው ኮድ

የከተማችንን ስም አልጽፈውም። የማልጽፈው ፈርቼ አይደለም። በዚያ ዓመት የጥልቀት ጽሕፈት ቤት ስሟን ስለቀየረውና አዲሱን ስም እስከ ዛሬ አንብቦ የጨረሰ ሰው ስለሌለ ነው። በአሮጌው ልጥራት ብል ደግሞ አሮጌው ስም በጣም ቀላል ነው ተብሎ ተሰርዟል። ስለዚህ ከተማችን እላታለሁ፤ እናንተም እንደዚያው በሏት።

እኔ ሽብሩ እባላለሁ፤ የውሃው በር ጠባቂ ነኝ። በሩ ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ጠርዝ ላይ የቆመ የብረት መዝጊያ ነው። ሲከፈት ውሃው ወደ ከተማው ገንዳ ይገባል፤ ገንዳው ሲሞላ የተረፈው በቦይ ወደ ታች ሰፈር ይወርድና ጓሮ ያጠጣል። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ማታ ሳይዘጋ ከቀረ፣ በተለይ በክረምት፣ ውሃው ጓሮውን አጠጥቶ ቤቱንም ያጠጣል። ድሮ የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነበርኩ፤ ሠላሳ ጊዜ የሚዞር ትልቅ የብረት መሪ ነበረው። ኋላ ኮምፒውተር መጣና እኔ ኮምፒውተሩን የምጠብቅ ሰው ሆንኩ። ሰዓት በማክበር እንደሚበልጠኝ አልክድም።

የማወራችሁ ግን ስለ ስንዱ ነው። ስንዱ በኮድ ቤት የምትሠራ ጸሐፊ ናት። ኮድ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን አድርግ፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ተወው እያለ ይሄዳል። በኮድ ቤት ሰባት ጸሐፊዎች ነበሩ። ከሰባቱ ስንዱ የትምህርት ቤቱን ደወል፣ የአውቶቡሱን ሰዓትና የገበያውን ሚዛን የሚያሠራውን ኮድ የጻፈች ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያመሰገናት ሰው አልነበረም። ደወሉ በሰዓቱ ሲደወል ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አንድ ቀን ከዘገየ ግን ከተማው ሁሉ ስሟን ያውቃል። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ያንገበግባት እንደነበር ኋላ ለእኔ ነግራኛለች።

የኮድ ቤት ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ለይቶላቸው ያብዳሉ። ቀኑ በጥቅምት ነው፤ የቋጠሮ ቀን ይሉታል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀላል ሥራ ይሰጣቸዋል። ያንን ሥራ የሚሠራ ኮድ ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ማንም አይቶ ምን እንደሚሠራ እንዳይገባው አድርገው ነው የሚጽፉት። ዓመቱን ሙሉ ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ሰው ያንብበው ሲባሉ ይከርማሉና በዚያ ቀን ይወጣላቸዋል። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። ኮዱ በትክክል መሥራት አለበት። ደግሞም ፀሐይ ሳትጠልቅ ጸሐፊው ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ይቆምና ቋጠሮውን አንድ በአንድ ይፈታል። እውነተኛው ደስታ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥበት የዋለው ነገር ድንገት ሲገለጥለት የሚስቀው ሳቅ ሌላ ነው። እኔ ኮድ አላውቅም፤ ግን ለዚያች ሳቅ ብዬ በየዓመቱ ሄጄ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ላሸነፈው የሚሰጠው የተተበተበ የክር ልቃቂት ነው።

ያን ዓመት የተሰጣቸው ሥራ የእኔ በር ነበር። ጠዋት ክፈት፣ ማታ ዝጋ። በሩ ላይ የሚሠራውን እውነተኛ ኮድ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈው ጥላዬ የሚባል ጸሐፊ ነው፤ ሦስት መስመር ናት። ለቋጠሮው ቀን ግን ያው ጥላዬ አርባ ክፍል ያለው ኮድ አመጣ። አንደኛው ክፍል በሩን ልክፈት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሁለተኛውን ጠይቅ ይላል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ጠይቅ ይላል፤ እንዲህ እየተባባሉ አርባኛው ጋ ሲደርሱ አርባኛው ኃላፊው ለምሳ ወጥቷል፣ ቆይተህ ተመለስ ይላል። ሲመለሱ ይከፍታል። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበረበት።

ስንዱ ያመጣችው አውራ ዶሮ ነው። ኮዱ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ፊደሎቹ ተደርድረው ቁጭ አውራ ዶሮ ይመስላሉ፤ ምንቃር አለው፣ አናቱ ላይ ኩክኒ አለው፣ ጥፍር አለው፣ ጅራቱ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ሰዓቱን ለማወቅ የጥፍሮቹን ብዛት ከኩክኒው ጥርሶች ጋር ያባዛል፤ ከዚያ ያባዛውን ሁሉ መልሶ ይቀንሳል። ቀኑን የሚቆጥረው በጅራቱ ላባዎች ነው። ኮዱ ውስጥ ላሉት ነገሮች የሰጠቻቸው ስም ደግሞ ጤነኛ ሰው የሚያወጣው አልነበረም። የኮድ ቤት ሰዎች ስድስት ሰዓት ሙሉ አንገታቸውን አዘንብለው አዩት፤ አንዱ ወረቀቱን ገልብጦ ሁሉ ሞከረ። በአንድ ድምፅ ልቃቂቱ የስንዱ ሆነ። ስንዱም ልትፈታው ጠመኔ አነሣች።

በዚህ መሐል አቶ ዳምጠው ገቡ። አቶ ዳምጠው በዚያው ሳምንት ከማዕከል የተሾሙ የጥልቀት ሹም ናቸው። ከተማችን ከዚያ በፊት የጥልቀት ሹም አልነበራትም፤ አሁንም የተሾመላት ጥልቀት ይጎድላታል ተብሎ ሳይሆን ማዕከል ውስጥ አንድ ሹም ተርፎ ነው ይባላል። ረጅም፣ ትሑት፣ ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ከተማውን ሲጎበኙ ውለው የመጨረሻው ጉብኝታቸው ኮድ ቤት ነበር። ዶሮው ፊት ቆሙና ከኩክኒው እስከ ጥፍሩ ተመለከቱት።

“ይህን የጻፈው ማነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አለች ስንዱ።

“ምን ይላል?”

“እስኪ ይገምቱ!” አለችና ሳቀች።

አቶ ዳምጠው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ይሄ የሚገመት አይደለም” አሉ። “በዚህ ከተማ ስዞር የዋልኩት ሁሉ ወዲያው ይገባ ነበር። ዳቦ ቤት የሚለው ዳቦ ቤት ነው። መውጫ የሚለው መውጫ ነው። ጥልቀት ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። ጠመኔውን አስቀምጪው፣ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይፈታም።”

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጌታዬ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስንዱ አፏን ከፈተች፤ አየኋት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን ያወለቀላትን ሰው አየች፤ አፏን ዘጋች። ጠመኔውን አስቀመጠች። እኔም አልፈረድኩባትም፤ እኔን ያየ ሰው ባርኔጣውን ቢያወልቅ ምን እንደምል አላውቅም።

በማግስቱ የጥላዬ ሦስት መስመር ከውሃው በር ተነሥታ አውራ ዶሮው ገባ። በሩ እንደ ወትሮው ጠዋት ተከፈተ፣ ማታ ተዘጋ። አቶ ዳምጠው ያን ማታ ወንዙ ዳር ቆመው አይተው “ያው መዝጋት ነው፤ ግን አዘጋጉ ጥልቅ ነው” አሉ። የእኔን የብረት መሪ አስነቅለው ወሰዱትና “የቀላልነት ዘመን ቅርስ” ብለው ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከውሃው በር አጠገብ ያለው የኮምፒውተሩ ክፍልም ታሸገ። ስንዱ ሊቀ ቋጠሮ ተብላ ተሾመችና ከሁሉም ወንበር ከፍ ያለ ወንበር ተሰጣት፤ ከከፍታው የተነሣ እግሯ መሬት አይደርስም ነበር። ጥላዬ ግን “በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጻፈውን ሁሉ ሰው ይረዳው ነበር” የሚል ክስ ቀረበበት። አልካደም። ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቶት ፖስታ ላይ ቴምብር እንዲለጥፍ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ከተማው በጥልቀት ተያዘ። በአንድ ንባብ የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ ተመላሽ ይሁን የሚል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ራሱ በአንድ ንባብ ስለገባ ተመልሶ እንደገና ተጻፈ። ዳቦ ቤቱ ማስታወቂያውን ቀየረና ሰዎች ጫማ ሊያሳድሱ እየገቡ ዳቦ ገዝተው ይወጡ ጀመር፤ ገበያው እንዲያውም ደራለት። ምግብ ቤት የሚገባ ሰው ዝርዝሩ ላይ ጣቱን ያሳርፍና የመጣለትን ይበላል። አንድ ዘመዴ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሽሮ ፈልጎ ሦስቱንም ቀን የእጅ መታጠቢያ ውሃ ቀረበለት። በትምህርት ቤት አንደኛ የወጣችው መምህሩ መልሷን አንብቦ ራሱን ያመመው ልጅ ናት። ሐኪሞቹ ብቻ ምንም አልተቸገሩም፤ የመድኃኒት ማዘዣቸው ሲመረመር ከድሮም ጥልቅ ሆኖ ስለተገኘ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ሰው አዘነ እንዳትሉኝ። ሰው ይለምዳል። አንዱ ባልገባው ቁጥር ራሱን እየነቀነቀ “ጥልቅ ነው” ይላል፤ አጠገቡ ያለውም እንዳይበለጥ ራሱን ይነቀንቃል።

እንዲህ ሆነን ነሐሴ ላይ ደረስን። ወንዙ ሞልቷል፤ ዝናቡ ቀንም ማታም ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስንዱ ያን ሁሉ ዳገት ጭቃ እየረገጠች እኔ ጋ መጣች።

“ጋሼ ሽብሩ፣ ጉድ ፈላ!”

“ምን ሆነሽ?”

“ዶሮው ስድስት አይቆጥርም።”

“የቱ ዶሮ?”

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ሊቀ ቋጠሮ ሥራ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ ላይ ሆና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዶሮዋን ስታይ ትውላለች። በዚያን ቀን ላባዎቹን ቆጠረች። አሥራ ሦስት ናቸው፤ ለየወሩ አንድ። አሥራ ሁለቱ ሠላሳ ሠላሳ ፊደል አላቸው። ለጳጉሜን ያበጀችው ትንሿ ላባ አምስት ፊደል አላት።

“ዘንድሮ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ናት” አለች። “ያኔ ትዝ ብሎኝ ነበር እኮ። ስድስተኛ ፊደል ብጨምር ላባዋ ትረዝምና ቅርጹ ይበላሻል ብዬ ተውኩት። ለአንድ ቀን ጨዋታ ነዋ! ማን ጳጉሜን ይደርሳል ብሎ አሰበ?”

“ታዲያ ስድስተኛው ቀን ላይ ምን ያደርጋል?”

“አላውቅም።”

“አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?”

“እኔ ነኝ።”

“አንብቢዋ ታዲያ!”

ጭቃውን ከጫማዋ ጠረገች። ከዚያ በቀስታ “ከጠዋት ጀምሬ ሞከርኩ፤ አልገባኝም” አለች።

ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። እርሷም ሳቀች፤ ከሳቋ መሐል ግን እንባዋ መጣ። ከተቀመጥንበት ሆነን ታች ሰፈር ይታየናል። ከቦዩ ጫፍ ላይ የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ብርቄ ነው፤ ጎመንና ሽንኩርት ተክለው የሚኖሩ፣ ግድግዳቸው ጭቃ የሆነ አሮጊት ናቸው። በዚያ ውሃ በሩ አንድ ሌሊት ተከፍቶ ካደረ የእትዬ ብርቄ ቤት ጠዋት አይገኝም። ሁለታችንም ወደዚያው እያየን ነበር።

በማግስቱ አብሬአት አቶ ዳምጠው ዘንድ ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበሉን፤ ሻይ አዘዙልን።

“ስህተት አለበት ነው የምትይው?”

“ሳይኖርበት አይቀርም፤ ጌታዬ።”

“ገብቶሽ ነው?”

“ገና አልገባኝም።”

“ካልገባሽ ስህተት መሆኑን በምን አወቅሽ?”

ስንዱ አሰበች። “ገብቶኝ ብመጣስ?”

“ከገባሽ” አሉ አቶ ዳምጠው በደግነት፣ “ያ የገባሽ ነገር እኛ ውሃው ላይ ያዋልነው ኮድ አይደለም። እርሱ አይገባም። ስኳር ልጨምርልሽ?”

የእኔ የብረት መሪ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። መልሱልኝ ልላቸው አሰብኩና ለማውረድ ስንት ጥልቅ ወረቀት እንደሚያስፈልግ ሳስበው ተውኩት። ሻያችንን ጠጥተን ወጣን።

ያን ሰሞን ስንዱ ከማንም በላይ ትሸሸው የነበረው ጥላዬን ነው። ኮሪደር ላይ ስታልፍ መንገድ ትለውጣለች። እርሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር እርሱ ቴምብር ለጣፊ አይሆንም ነበርና እሱን ማየት ያማታል። አሁን ግን ሌላ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ጠቅልላ ይዛ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

“ጥላዬ፣ በድዬሃለሁ።”

“አውቃለሁ” አለ ቴምብሩን እየላሰ። “ዶሮውን ይዘሽዋል?”

“ይዤዋለሁ።”

“አሥር ወር እንቅልፍ የነሣኝ እኮ ሹመትሽ አይደለም፤ እርሱ ነው! ሳትፈቺው ቀረሽ እኮ! ሰው እንዲህ ይደረጋል? በይ ዘርጊው።”

ኮሪደሩ ላይ ሊዘረጉት ሞከሩ፤ አልበቃ አለ። ቤት ወስደው አምስት ቀን ታገሉት። ጥላዬ እግሩን ሲይዝ ስንዱ ኩክኒውን ትስታለች፤ እርሷ ኩክኒውን ስትይዝ እርሱ እግሩን ያጣል። በመጨረሻ ጳጉሜን አራት ላይ ጥላዬ “ይሄ ለሁለት ሰው አይሆንም። በወጉ ይሁን፤ አደባባይ እናውጣው” አለ።

ጳጉሜን አምስት ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ወረቀቱን አደባባዩ ላይ ዘርግተው ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ጥላዬ የአንዱን ሱቅ ጥቁር በር ሰሌዳ አደረገው። መጀመሪያ አሥር ሰው መጣ፣ ቀጥሎ መቶ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። እስቲ አስቡት፤ አሥር ወር ሙሉ ምንም ነገር ያልገባው ሕዝብ ነው። ውሃ የጠማው ሰው ምንጭ ሲያይ እንደሚሆነው ሆነ።

ስንዱ ጠመኔውን ይዛ በሰዎቹ ፊት ቆመች። “እዚህ ላይ ጫማ የሚለው ጠዋት ማለት ነው” አለች። “ቅቤ የሚለው ማታ ነው። አማቴ የሚለው ደግሞ የውሃው በር ነው። ስለዚህ ጫማ ሲመጣ አማቴን አንሣት ማለት...”

“ሲነጋ በሩን ክፈት!” ብሎ አንድ አናጢ ጮኸ። አጠገቡ ያለውን ሰው አቀፈው። የማያውቀውን ሰው ነው ያቀፈው።

“ቅቤ ሲቀልጥ አማቴን አስቀምጣት?”

“ሲመሽ ዝጋ!” አለ አደባባዩ ሁሉ።

እንዲህ እየተባለ ሄደ። ክንፉ ላይ ስንዱ ራሷ ተያዘች፤ ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላስታውስም አለች። ከሕዝቡ አንዷ ልብስ ሰፊ ዝቅ ብላ አይታ “ይሄ ምንም አይሠራም፤ ለማማር ብቻ የገባ ነው፤ እኔም ቀሚስ ላይ አደርገዋለሁ” አለች። ትክክል ነበረች። ጅራቱ ጋ ሲደርሱ እትዬ ብርቄ ጭቃ የያዘ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አሉ።

“ልጄ፣ ያች ትንሿ ላባ ስታልቅ ወዴት ነው የሚሄደው?”

ስንዱና ጥላዬ ተያዩ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ጥላዬ በጣቱ ፊደል በፊደል ተከተለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ጣቱ ባዶ ወረቀት ላይ ቆመ።

“ስድስተኛውን ይፈልጋል፤ እትዬ” አለች ስንዱ። “ጠዋት በሩን ይከፍታል። ማታ ለመዝጋት ግን ስድስተኛውን ፊደል ማግኘት አለበት። የለም። ስለዚህ ይጠብቃል።”

“በሩ ተከፍቶ?”

“በሩ ተከፍቶ።”

“እስከ መቼ?”

“ፊደል እስኪበቅልለት” አለ ጥላዬ። ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

አቶ ዳምጠው በዚህ ሰዓት ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። የተዘረጋውን ወረቀት አዩ፤ የሱቁን በር አዩ፤ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን አዩ። ፊታቸው ገረጣ።

“ማነው የፈታው?” አሉ።

“እኔ ነኝ፤ ጌታዬ” አለች ስንዱ።  “አሥር ወር አታልያለሁ። ይሄ ኮድ ጥልቅ አይደለም። ለጨዋታ ነው የጻፍኩት። እኛ በዓመት አንድ ቀን እንዲህ እንጫወታለን። ያኔ ልነግርዎት ነበር፤ ባርኔጣዎን ሲያወልቁልኝ ግን ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ወንበሩን ይውሰዱት፤ የሹመት ስሙንም ይውሰዱት። ነገ ማታ ግን በሩ አይዘጋም፤ የእትዬ ብርቄ ቤት ይወሰዳል። የኮምፒውተሩን ክፍል ይክፈቱልኝ።”

 “ክፍሉ ታሽጓል” አሉ አቶ ዳምጠው። “ስለ ክፍሉ ለጠባቂው የተጻፈ ትእዛዝ አለ።”

ጠባቂው እኔ ነኝ። ትእዛዙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ዘረጋሁና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

“ጌታዬ፣ ያንብቡልኝና የሚለውን አደርጋለሁ።”

ትእዛዙ እንዲህ ይላል፦ “ከማይነካው በቀር የማይነካ ያልሆነ ሁሉ ካለመነካት እንዳይቆጠብ የማያግድ ክልከላ እንዳይነሣ ይሁን።” አቶ ዳምጠው አንድ ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አድርገው ደገሙት። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ፤ እትዬ ብርቄ የአቶ ዳምጠውን ጃንጥላ ከእጃቸው ወስደው ዘርግተው ያዙላቸው።

“ጥልቅ ነው” አሉ አቶ ዳምጠው።

“ይከለክላል ወይስ ይፈቅዳል?” አልኳቸው።

ሁሉም ሰው ይሰማ ነበር። ይከለክላል ቢሉ ትእዛዙ ገብቷቸዋል ማለት ነው፤ ከገባቸው ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ ካልሆነ ተመላሽ ነው። ይፈቅዳል ቢሉም ያው ነው። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝና “ጠባቂው እንደ ተረዳው ይሁን” አሉ።

እንግዲህ ጠባቂው እኔ ነኝ። ቁልፌን አወጣሁ። ዳገቱን ስንወጣ ግማሹ ከተማ ተከትሎን ነበር፤ ከፊሉ ለምን እንደሚከተል አያውቅም፤ የከተማችን ሰው እንዲያ ነው። እሽጉን ቀደድኩ። ስንዱ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠችና እጇን ስትዘረጋ ቆም አለች። ተነሣችና ወንበሩን ለጥላዬ ለቀቀችለት። ጥላዬም “አይ፣ አንቺ ጻፊው፤ እኔ ልይልሽ” አላት። አውራ ዶሮውን አጠፋችና ሦስት መስመር ጻፈች። ከኋላ የነበሩት ምን አለች፣ ምን አለች ይላሉ፤ ከፊት ያሉት እያነበቡ ያቀብሏቸዋል። ሁሉም ገባው።

በጳጉሜን ስድስት ጠዋት በሩ ተከፈተ። ማታ ተዘጋ። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሲሆን አይቻለሁ፤ ምንም ባልሆነበት ቀን እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ቦዩን ሲያዩ አመሹ፤ ውሃው ሲቀንስ ተነሥተው ሽንኩርታቸውን ነቅለው ገቡ።

የጥልቀት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ አልተዘጋም። ዳቦ ቤቱ ዳቦ ቤት ብሎ ጻፈ፣ ምግብ ቤቱም ሽሮ ብሎ ጻፈ፤ የሚከለክለውን ትእዛዝ ማንበብ የቻለ ስለሌለ የከለከላቸው የለም። ስንዱ ሹመቱም ወንበሩም ቀረባት። በድሮ ወንበሯ ስትቀመጥ እግሯ መሬት ነካ፤ ጉልበቴ ዳነ አለችኝ። የእኔ የብረት መሪ ግን እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ነው፤ የሰቀሉት ሰዎች እንዴት እንደሚወርድ በጥልቀት ጽፈው ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ስንዱና ጥላዬ ኮድ ቤት ሳሉ እኔም የወንዙን ልክ ላስመዘግብ ሄጄ ነበር። አቶ ዳምጠው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ጥላዬን ይቅርታ ጠየቁት፤ እርሱም ቴምብር መለጠፍ እንዲያውም ያሳርፋል አላቸው። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞሩ።

“አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር” አሉ። “ያችን ሦስት መስመር... ብታነቢልኝ።”

ስንዱ አልቀለደችባቸውም። ወንበር ሳበችላቸው፤ ስክሪኑ ላይ አወጣችላቸው።

“እኔ እንኳን ዶሮው” አሉ አቶ ዳምጠው ሳይቀመጡ፣ “ይችም አትገባኝም ነበር። በዚያን ቀን ግድግዳው ላይ ያለውንና በሩ ላይ የነበረውን ጎን ለጎን አሳዩኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ። ሌላው ሰው ግን አንዱን ቀላል ሲል ሰማሁ። ታዲያ የትኛው ቀላል ነው ብዬ እንዴት ልጠይቅ? ከተማሪነቴ ጀምሮ ያልገባኝን ሳልጠይቅ ነው እዚህ የደረስኩት። ሁላችሁም እንደ እኔ እያስመሰላችሁ ይመስለኝ ነበር።”

 ስንዱ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገች።

“ሲነጋ በሩን ክፈት” አለች።

“እ።”

“ሲመሽ በሩን ዝጋ።”

አቶ ዳምጠው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሁለቱን መስመሮች ለብቻቸው ደገሟቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩን።

“ይሄው ነው?”

“ይሄው ነው፤ ጌታዬ።”

ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ሳቁ። በየጥቅምቱ ከኋላ ተቀምጬ የምሰማት ያች ሳቅ ናት፤ ከሹም አፍ ስሰማት ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ።

“የነገረኝ ሰው እኮ የለም” አሉ። “አንድም ሰው አልነገረኝም።” ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ተቀመጡ፤ ስንዱ ጣቷን ወደ ሦስተኛው መስመር ልትወስድ ስትል እጇን ያዙ። “ቆይ፤ ይችን እኔ ላንብባት” አሉ። እኛም ሦስታችን ቆመን ጠበቅናቸው፤ ማንም አላጣደፋቸውም፤ ፊደል በፊደል እየለቀሙ “ነገም እንዲሁ አድርግ” ብለው አነበቡ።